ያልተቀረጹ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች በመድረክ ንባብ

የመድረክ ንባብ ተዋንያን ድርሰቱን በእጃቸው እንደያዙ በተመልካች ፊት እያነበቡ የሚጫወቱት ዝግጅት ነው። አልባሳት አይኖረውም፤ መድረኩ አይገነባም፤ ተዋናዩም ቃለ ተውኔቱን በቃሉ እንዲያጠና አይጠበቅበትም። ተዋንያኑ በተርታ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ወይም የሙዚቃ ኖታ ማስቀመጫ ፊት ቆመው ገጽ ይገልጣሉ። ከጎናቸው ያለ አንድ ሰው ደግሞ ትዕይንቱ የት እንደሆነና ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደሚያደርጉ ያነባል። ይህ መንገድ ለግጥምም ለቲያትርም ለልብ ወለድም ሲያገለግል የኖረ ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት ግን ሌላ መጠጊያ የሌለው አንድ የጽሑፍ ዓይነት ተጠግቶበታል፤ ይኸውም ተገዝቶ፣ ተጽፎና ተከፍሎበት ካሜራ ፊት ሳይደርስ የቀረው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ስክሪፕት ነው። ልማዱ በይበልጥ የሚታየው በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ በብሪታኒያም ከሬዲዮ ኮሜዲ ጋር የተያያዘ የራሱ ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ያልተቀረጸ ስክሪፕት ከየት መጣ ቢባል፣ መልሱ የአሜሪካ ጣቢያዎች አዲስ ፕሮግራም ሲመርጡበት በኖሩት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ሥራው በዓመት አንድ ዙር ነበረው። ከጁላይ ጀምሮ ደራሲያን በጣቢያ ኃላፊዎች ቢሮ እየተገኙ ሐሳባቸውን በቃል ያስረዱ ነበር። በተለመደው ግምት አንድ ትልቅ ጣቢያ በዓመት ወደ 500 ሐሳብ ይሰማ ነበር፤ ለ70 ያህሉ ስክሪፕት እንዲጻፍ ያዝ ነበር፤ ጃንዋሪ ላይ ከ70ዎቹ ውስጥ 20 ያህሉ የሙከራ ክፍል፣ በሙያው አጠራር ፓይለት፣ እንዲቀረጽላቸው ይመርጥ ነበር። በሜይ የጣቢያዎቹ አለቆች ኒውዮርክ ላይ የመጪውን ወቅት ፕሮግራም ለማስታወቂያ ሰጪዎች ሲያሳዩ፣ ከተቀረጹት ፓይለቶችም ቦታ የሚያገኙት ጥቂት ነበሩ። ቁጥሩ ድራማንም ኮሜዲንም የያዘ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጣቢያ ብቻ በየዓመቱ 50 ያህል ያለቁ ስክሪፕቶች መሳቢያ ውስጥ ይቀሩ ነበር፤ አራቱ ትልልቅ ጣቢያዎች ሲደመሩ ወደ 200 ይጠጋ ነበር። ይህ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም የተከማቸው የድርሰት ብዛት አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል።

እነዚህ ጽሑፎች የጀማሪ ሙከራዎች አይደሉም። ብዙዎቹን የጻፉት በታወቁ ተከታታይ ኮሜዲዎች ላይ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ በገንዘብ ተገዝቷል፤ የታሪኩ ንድፍ ጸድቋል፤ ስክሪፕቱም ከስቱዲዮውና ከጣቢያው አስተያየት እየተሰጠበት ደጋግሞ ተጽፏል። በሦስትና በአራት ረቂቅ ከ30 እስከ 50 ገጽ የሚደርስ፣ እያንዳንዱ መስመር የተመዘነበት ሥራ ነው። ደራሲው ክፍያውን ተቀብሏል። ያላገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጻፈው ነገር ሰው ያስቅ እንደሆነ ማወቅ።

ስክሪፕቱ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ውጭ ነው። ሐሳቡን የገዛው ኃላፊ ከሥራ ይነሣል፤ የተተካው ሰው ደግሞ የቀድሞውን ሰው ምርጫ ይዞ ለመሟገት ምክንያት የለውም። ያው ጣቢያ ስለ ሁለት የተፋቱ ወላጆች ሁለት ስክሪፕት ገዝቶ ከሆነ አንዱ ይቀራል። ለዋናው ገጸ ባሕርይ የታሰበው ተዋናይ ሌላ ሥራ ይይዛል። የግማሽ ሰዓት ፓይለት ለመቅረጽ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስፈልግ፣ በጥርጣሬ ላይ ያለ ኃላፊ እምቢ ማለቱ ከእሺታ ይቀለዋል። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ስለ ቀልዱ ጥራት የሚናገረው የለም።

ጣቢያ አልፈልግም ያለው ነገር ሁሉ መጥፎ እንዳልሆነ የቴሌቪዥን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ኖርማን ሊር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ለሆነው ኮሜዲ ለኤቢሲ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ፓይለት ቀርጾ ሁለቴም ተመልሶበታል። ሲቢኤስ ወስዶ በጃንዋሪ 1971 ማስተላለፍ ሲጀምር ግን የአሥርቱን ዓመታት የቴሌቪዥን ኮሜዲ የቀየረ ሥራ ሆነ። በ1989 የተላለፈው የ«ሳይንፌልድ» የሙከራ ክፍል ለናሙና ተመልካቾች ታይቶ ውጤቱ ደካማ ነበር። ተከታታዩ የተረፈው ባስተላለፈው ጣቢያ የሌሊት ፕሮግራሞችና የልዩ ዝግጅቶች ኃላፊ የነበረው ሪክ ለድዊን ከራሱ ክፍል በጀት ቀንሶ አራት ተጨማሪ ክፍሎች ስላዘዘ ነው። በሌላ በኩል እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ተቀርጸው ስለነበር የሚታይ ነገር ነበራቸው። በወረቀት ላይ የቀረው ስክሪፕት እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኝበት በር እጅግ ጠባብ ነው።

የቴሌቪዥን ስክሪፕትን ከሌሎች ጽሑፎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። አሳታሚ ያልተቀበለው ልብ ወለድ ወደ ሌላ አሳታሚ ይሄዳል፤ አንድ ቲያትር ቤት ያልወደደውን ተውኔት ሌላው ሊያዘጋጀው ይችላል። የፓይለት ስክሪፕት ግን ለአንድ ጣቢያ ጠባይና ሰዓት ተለክቶ የተሠራ ነው፤ የቴሌቪዥን መብቱም አብዛኛውን ጊዜ ያስጻፈው ስቱዲዮ ዘንድ ይቀራል። ደራሲው ወደ ሌላ ጣቢያ ሊወስደው ቢፈልግ የመጀመሪያው ባለቤት መልቀቅ፣ አዲሱም የወጣውን ወጪ መሸፈን ሊኖርበት ይችላል። በአሜሪካ የደራሲያን ማኅበር የሥራ ስምምነት ውስጥ የራሱን ኦሪጅናል ሐሳብ የጻፈ ደራሲ የመድረክ መብትን የመሳሰሉ አንዳንድ መብቶችን ለራሱ የሚያስቀርበት አንቀጽ አለ። ለአንድ ምሽት ንባብ የሚበቃ ቀዳዳ የሚገኘው ከዚህ ዓይነቱ አንቀጽ ወይም ከስቱዲዮው ቀና ፈቃድ ነው።

ከቴሌቪዥን ጽሑፎች ሁሉ ኮሜዲ ለንባብ የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሲትኮም (የተከታታይ ኮሜዲ) አሠራር ራሱ በንባብ ይጀምራል። በተመልካች ፊት በብዙ ካሜራ በሚቀረጽ ሲትኮም ውስጥ በሳምንቱ መጀመሪያ ተዋንያኑ፣ ደራሲያኑ፣ አዘጋጁና የጣቢያው ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዚያን ሳምንት ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡታል። የጠረጴዛ ንባብ ይሉታል። ደራሲያኑ በዚያ ሰዓት ጆሮ ብቻ ናቸው። ሳቅ የመጣበትን መስመር ምልክት ያደርጉበታል፤ ሳቅ ሊመጣ ሲገባ ዝምታ የሆነበትን ደግሞ ያሰምሩበታል። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው የሞተውን መስመር ይቀይራሉ፤ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ትዕይንት ያወጣሉ። ክፍሉ በሳምንቱ መጨረሻ ተመልካች ፊት እስኪቀረጽ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ያልተቀረጸ ስክሪፕት የተነፈገው ይህንን ነው። በቢሮ ውስጥ በጸጥታ ከማንበብ በቀር ማንም በድምፅ ሳይሰማው ተፈርዶበታል።

የጠረጴዛ ንባብ መግደልም እንደሚችል መታወስ አለበት። በ«ሳይንፌልድ» ሁለተኛ ወቅት ላሪ ቻርልስ የጻፈው «ዘ ቤት»፣ ማለትም ውርርዱ፣ የተባለ ክፍል ነበር። ኢሌይን የተባለችው ገጸ ባሕርይ ሽጉጥ መግዛት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማሳየት ትወራረዳለች። ተዋንያኑ አንብበውት ልምምድ ሲጀምሩ በጽሑፉ ምቾት አጡ፤ ነገሩ ገፍቶ ሥራው ተቋረጠና በምትኩ ሌላ ክፍል በችኮላ ተጻፈ። ወረቀት ላይ ያልታየው ችግር ቃሉ ከተዋናዩ አፍ ሲወጣ ታየ። ንባብ የሚከበረው ለዚህ ነው፤ የሚያስቀውንም የማያስቀውንም ያለ አድልዎ ያሳያል።

ብሪታኒያውያን ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። ቢቢሲ በ1961 «ኮሜዲ ፕሌይሃውስ» የተባለ ዝግጅት ሲጀምር እያንዳንዱ ሳምንት ራሱን የቻለ አንድ ኮሜዲ ያቀርብ ነበር። በጃንዋሪ 1962 ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን የጻፉት፣ ስለ አንድ ቆራሌ አባትና ልጁ የሚናገር ክፍል ተላለፈና «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» የተባለው ዝነኛ ተከታታይ ከዚያ ተወለደ። አሜሪካኖቹ ፓይለታቸውን በዝግ አዳራሽ ለናሙና ተመልካቾች ሲያሳዩ እንግሊዞቹ በአደባባይ ፈተኑት። ከዚያም በላይ ሬዲዮ ነበራቸው። «ሃንኮክስ ሃፍ አወር» በ1954 በሬዲዮ ጀምሮ በ1956 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ የብሪታኒያ እስያውያን ኮሜዲ «ጉድነስ ግሬሺየስ ሚ» በ1996 በሬዲዮ ተሰምቶ በ1998 ስክሪን ላይ ወጣ፤ «ሊትል ብሪተን»ም ያንኑ መንገድ ሄደ። የቢቢሲ የሬዲዮ ኮሜዲ ተዋንያን ወረቀት ይዘው ማይክሮፎን ፊት ቆመው ከፊታቸው የተቀመጠ ሕዝብ እየሳቀ የሚቀረጽ ነው። በሌላ አነጋገር የመድረክ ንባብ እዚያ አገር መደበኛ ሥራ ነበር፤ ለወደቀ ጽሑፍ የተፈለሰፈ መላ አልነበረም።

በ1999 በብሪስቶል ኬቭ ኤፍ ሰዘርላንድ የጀመረው «ዘ ሲትኮም ትራያልስ» ሌላ ብልሃት ጨመረ። በአንድ ምሽት ብዙ አዳዲስ ሲትኮሞች አጠር ብለው ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ተመልካቹ ድምፅ ይሰጣል፤ መጨረሻው የሚታየው ያሸነፈው ብቻ ነው። ለደራሲ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጣቢያ የማይነግረውን ነገር ይነግረዋል፤ ሰዎች የታሪኩን ቀጣይ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነና እንዳልሆነ።

በሎስ አንጀለስ ነገሩ ከተለያየ አቅጣጫ መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «አንካባሬ» የተባለውን የኮሜዲ መድረክ የምትመራው ቤዝ ላፒደስ «ዚ አዘር ኔትወርክ» በተባለ ዝግጅቷ ተቀርጸው ያልተላለፉ ፓይለቶችን ከደራሲዎቻቸው ማብራሪያ ጋር ታሳይ ጀመር። በ2003 ዳን ሃርመንና ሮብ ሽራብ ያቋቋሙት «ቻነል 101» አምስት ደቂቃ የሚሆኑ ፓይለቶችን በየወሩ ለተመልካች ድምፅ አቀረበ። እነዚህ የተቀረጹ ሥራዎች ናቸው። ንባብን ወደ መሐል ያመጣው የፊልም አዘጋጁ ጄሰን ራይትማን ነው። ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የታወቁ ፊልሞችን ስክሪፕት በአዲስ ተዋንያን አስነበበ። ዝግጅቱ ለአንድ ምሽት ብቻ የሚሆን ነበር፤ የመጀመሪያው «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ሲሆን አዳራሹ የሚሞላው ተዋንያኑ ጽሑፉን እዚያው እንደሚያገኙት እየታወቀ ነበር። በ2005 ፍራንክሊን ሌናርድ የጀመረው «ዘ ብላክ ሊስት» ደግሞ በየዓመቱ በሙያው ሰዎች የተወደዱ ያልተቀረጹ የፊልም ስክሪፕቶችን ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቶ፣ በኋላ በመድረክ ያስነብባቸው ጀመር። አንዱ የታወቀውን ጽሑፍ በአዲስ ድምፅ፣ ሌላው ያልታወቀውን ጽሑፍ በታወቀ ድምፅ አሰማ።

ከሁሉም በግልጽ ለቴሌቪዥን ኮሜዲ የተሰጠው «ዴድ ፓይለትስ ሶሳይቲ» ነው፤ የሞቱ ፓይለቶች ማኅበር እንደ ማለት። የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ለሥራው የሚስማማ ታሪክ ነበራቸው። አንድሩ ራይክ «ፍሬንድስ»ን ከመሩት ደራሲያንና ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ነበር፤ ስክሪፕት ተገዝቶ እንዴት እንደሚሞት ከውስጥ ያውቀዋል። ቤን ብላከር ደግሞ በጥንቱ የሬዲዮ ድራማ ዘይቤ የተሠራውን «ዘ ትሪሊንግ አድቬንቸር አወር» ከባልደረባው ጋር ፈጥሮ በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ለዓመታት ያቀረበ ነው፤ ወረቀት የያዘ ተዋናይ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዴት እንደሚያስቅ ያውቃል። የሚቀበሉት ስክሪፕት አንድ መስፈርት አለው፤ በስቱዲዮ ወይም በጣቢያ ተገዝቶ ተዘጋጅቶ ሳይቀረጽ የቀረ መሆን አለበት። ከቴሌቪዥን የሚታወቁ ተዋንያን በተመልካች ፊት ያነቡታል፤ ንባቡ ተቀድቶ በፖድካስት ይለቀቃል፤ ከደራሲው ጋር የሚደረግ ቃለ ምልልስም አብሮት ይሄዳል።

ቃለ ምልልሱ ለጥናት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ክፍል ነው ማለት ይቻላል። ደራሲው ሐሳቡን ለማን እንዳስረዳ፣ ጣቢያው ምን እንዲቀየር እንደጠየቀ፣ በየትኛው ረቂቅ ላይ ታሪኩ አቅጣጫውን እንደሳተና የእምቢታው ስልክ እንዴት እንደመጣ ይናገራል። የቴሌቪዥን ታሪክ ጸሐፊዎች የሚጽፉት ስለተላለፉት ፕሮግራሞች ነው። እንዲህ ያሉ ቃለ ምልልሶች ግን የምርጫውን ሌላ ገጽ ይመዘግባሉ፤ የትኛው ሐሳብ በየትኛው ዓመት ለምን እንደተፈራ ያሳያሉ።

የዝግጅቱ ሙያ ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትልቁ ሸክም የሚወድቀው ገለጻውን በሚያነበው ሰው ላይ ነው። ለምሳሌ ስክሪፕቱ «ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ባዶ ነው። ይዘጋዋል። እንደገና ይከፍተዋል።» ቢል፣ በቴሌቪዥን ይህ የተዋናዩ ቀልድ ነው። በንባብ ግን ሳቁ ያለው በአንባቢው ትንፋሽ ውስጥ ነው። «ይዘጋዋል» ካለ በኋላ ትንሽ ካልቆየ ሳቁ አይመጣም፤ ብዙ ከቆየ ደግሞ ተመልካቹ ይቀድመዋል። አንባቢው ከተዋንያኑ እኩል የሚሳተፍ ሰው እንጂ ማስታወቂያ የሚያነብ መሆን የለበትም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ገለጻውን አስቀድመው ያሳጥራሉ፤ የካሜራ መመሪያዎችን ያወጣሉ፤ የቀልድ ሥራ የሚሠራውን ብቻ ያስቀራሉ።

የተዋናይ ምርጫም ሌላ መልክ አለው። በቴሌቪዥን የፊት ገጽታ፣ ዕድሜና ቁመና ይመዘናል። በንባብ የሚመዘነው ድምፅና ፍጥነት ነው፤ ሁለት ድምፃቸው የሚመሳሰል ሰዎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ተመልካቹ ማን እንደተናገረ ይጠፋበታል። ትንንሾቹን ገጸ ባሕርያት አንድ ሰው ደርቦ ይይዛቸዋል፤ አስተናጋጁንም ፖሊሱንም ጎረቤቲቱንም ሲጫወት ድምፁን የሚለውጥበት ፍጥነት ራሱ የሳቅ ምንጭ ይሆናል። ልምምዱ አጭር ስለሆነ ተዋናዩ ከጽሑፉ ጋር እየተዋወቀ ያነባል። ሳቅ ሲመጣም ማቆም አለበት። ወረቀት ላይ ያተኮረ ተዋናይ ሳቁን ረግጦ ካለፈ የሚቀጥለውን መስመር ማንም አይሰማውም። ለ22 ደቂቃ የተጻፈ ክፍል በመድረክ ላይ ግማሽ ሰዓት አልፎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭማሪው ሳቅና ገለጻ ነው።

ሁሉም ስክሪፕት ለዚህ አይመችም። በሳሎንና በኩሽና የሚወሰን፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በቃል የሚፋጩበት ሲትኮም በንባብ ብዙም የሚጎድልበት ነገር የለም። በአንድ ካሜራ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ እንዲቀረጽ የተጻፈው ግን ቀልዱ በሥዕል ውስጥ ስለሆነ፣ ገለጻው እየበዛ ተዋንያኑ ዝም ብለው የሚቆሙበት ጊዜ ይረዝማል። በሜይ 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ወቅት «ኮሚዩኒቲ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ተዋንያን ለእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በኢንተርኔት የጠረጴዛ ንባብ ሲያደርጉ የመረጡት ክፍል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የተላለፈ ክፍል ቢሆንም ምርጫው የሙያ ብልሃት ነበረበት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ታሪክ ስለሆነ እያንዳንዱ ተዋናይ በየቤቱ ሆኖ እንኳ የጎደለው ነገር አልተሰማም። እንግዳ ሆኖ የገባው ፔድሮ ፓስካል ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው ደጋግሞ ሲቋረጥ የታየውም ተመልካች በሌለበት ንባብ ውስጥ የተዋንያኑ ሳቅ የአዳራሹን ቦታ እንደሚተካ ነው።

ንባቡ የሚሰጠው ፍርድም ወሰን አለው። ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሰው ጽሑፉ እንዳልተቀረጸ እያወቀ፣ ለደራሲው አዝኖና ተዋንያኑን ወድዶ ይመጣል፤ ሳቁ ሳሎኑ ውስጥ ጣቢያ ከሚቀያይር ሰው ሳቅ ይበልጥ ለጋስ ነው። በዚያ ላይ ፓይለት ራሱን የቻለ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መቶ ክፍል የሚወጣው መሠረት ሊሆን ይገባል። አንድ ምሽት በሚገባ ያሳቀ ስክሪፕት በአምስተኛው ክፍል የሚናገረው ሊያልቅበት ይችላል፤ ይህን ንባብ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ በንባብ ላይ የተሳካ ሁሉ ጣቢያው ተሳስቷል የሚያሰኝ ማስረጃ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። ንባቡ በእርግጠኝነት የሚያረጋግጠው ትዕይንቶቹ እንደሚሠሩ፣ ገጸ ባሕርያቱ በድምፃቸው እንደሚለዩና ቀልዱ ከወረቀት ወደ ሰው እንደሚሻገር ነው። ለደራሲ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቀጣዩ ሥራው የትኛውን መሣሪያ እንደሚያምን ያውቃል።

ከዚህ ጋር ሊምታታ የሚችል ዘመድ ልማድ አለ፤ ተቀርጸው የነበሩ፣ ነገር ግን ቅጂያቸው የጠፋ ኮሜዲዎችን ከስክሪፕታቸው እንደገና ማሰማት። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የቪዲዮ ቴፖችን ደምስሶ ደግሞ ስለተጠቀመባቸው ጽሑፋቸው ብቻ የቀረ ክፍሎች በርካታ ናቸው። የ«ሃንኮክስ ሃፍ አወር» የሬዲዮ ክፍሎች ከ100 በላይ ሲሆኑ ወደ 20 የሚሆኑት ጠፍተዋል። ከ2014 ጀምሮ ኬቨን ማክናሊ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የሃንኮክን ቦታ ይዞ በቢቢሲ የሬዲዮ ቲያትር ተመልካች ፊት እንደገና ተቀርጸዋል፤ ከሥራው ጀርባ ከነበሩት አንዱ ተዋናይና የብርቅዬ መጻሕፍት ነጋዴ የሆነው ኒል ፒርሰን ነው። በ2016 ቢቢሲ ፎር «ዘ ሎስት ሲትኮምስ» በሚል ሦስት የጠፉ ክፍሎችን፣ በ2019 ደግሞ ጎልድ የተባለው ጣቢያ የ«ዳድስ አርሚ» ሦስት የጠፉ ክፍሎችን በአዲስ ተዋንያን ሠርቶ አቅርቧል። «ሬድ ድዋርፍ» በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ በኩል ያለው ለርዕሱ ይበልጥ ይቀርባል። ሳይቀረጹ የቀሩ ሁለት ክፍሎቹ በዲቪዲ ስብስቦቹ ውስጥ በተሳሉ ሥዕሎች ታጅበው ከዋና ተዋንያኑ አንዱ በሆነው በክሪስ ባሪ ድምፅ ብቻ ተነበዋል። በሁለቱ ልማዶች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የጠፋው ክፍል የታወቀ ገጸ ባሕርይና የተመልካች ትዝታ ይዞ ይመለሳል። ያልተቀረጸው ፓይለት ግን ማንም የማያውቃቸውን ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ውስጥ ማስተዋወቅ አለበት፤ ስለዚህ ፈተናው ይከብዳል።

ጽሑፍ በድምፅ ብቻ ሙሉ ሕይወት ሊያገኝ እንደሚችል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን ላላነበበ ብዙ ሰው ታሪኩን ያደረሰ ነው፤ ላነበበውም የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ ጆሮው ላይ አትሞበታል። በቲያትር ቤቶቻችንም ተዋንያን መድረክ ላይ ከመቆማቸው በፊት ተሰብስበው ተውኔቱን የሚያነቡበት ጊዜ የልምምዱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ለኮሜዲ ስክሪፕት ንባብ የሚያስፈልገው ሙያ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። የሚጨመርበት ወንበርና ተመልካች ብቻ ነው።

ልማዱን የወለደው የምርጫ ሥርዓት ግን በራሱ እየተቀየረ ነው። በጃንዋሪ 2014 የፎክስ ኃላፊ ኬቨን ራይሊ ጣቢያቸው የተለመደውን የፓይለት ወቅት እንደሚተው አስታወቁ። በማርች 2020 ወረርሽኙ የዚያን ዓመት የፓይለት ቀረጻ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ አቆመው። በኢንተርኔት የሚያሰራጩ ኩባንያዎች ዓመቱን ሙሉ ይገዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ፓይለት ሳይቀርጹ ሙሉ ወቅት ያዛሉ ወይም ስክሪፕቶቹን አስጽፈው ያቆማሉ። ከሜይ 2 እስከ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 በቆየው የደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ወቅትም በእንጥልጥል የነበሩ ውሎች ተሰርዘዋል። የሚቀረጸው ቁጥር ቢለዋወጥም የማይቀረጸው ከሚቀረጸው እንደበለጠ ይኖራል፤ ቀድሞ አንድ ስክሪፕት ይቀር በነበረበት ቦታ አሁን የአንድ ሙሉ ወቅት ስክሪፕቶች አብረው የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ነው ንባቡን መቅዳትና ጽሑፉን በሕዝብ እጅ በሚደርስ ቦታ ማስቀመጥ እኩል የሚያስፈልገው። ለአንድ ምሽት ተነቦ ያልተቀዳ ስክሪፕት ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ሰው ውጭ ያልተነበበ ያህል ነው። የ«ዴድ ፓይለትስ ሶሳይቲ» ቅጂዎች በፖድካስት ስለሚሰሙ ደራሲ መሆን የሚፈልግ ወጣት የትም አገር ሆኖ ጽሑፉንም የደራሲውንም ማብራሪያ ይማርበታል። ስክሪፕቱን በወረቀት ማየት ለሚፈልግም በሎስ አንጀለስ የደራሲያን ማኅበር ፋውንዴሽን ቤተ መጻሕፍት አለ። የፊልምና የቴሌቪዥን ስክሪፕቶችን ሰብስቦ ይዟል፤ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰውም ገብቶ እዚያው ተቀምጦ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል።